ያልታዘዘች ሐረግ

ክታብ ሊያስጽፍ ደብተራ ቤት የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የክርስትና ስሙን ነበር፤ የእናቱም ስም አይቀርም። የሕመሙ ተራ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ ተቆጥሮ ኮከቡ ከታወቀ፣ ብራናው ከምን ቆዳ እንደሚሠራ ይወሰናል፤ በግ ይሁን ፍየል፣ ጸጉሩስ ጥቁር ይሁን ቀይ፣ በኮከቡ ይነገራል። ቀጥሎ ደንበኛው ይቆምና ቁመቱ ይለካል። ክታቡ ሲዘረጋ የባለቤቱን ቁመት ማከል አለበት፤ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ጥበቃ የሌለው ቦታ እንዳይኖር። ከአንድ ቆዳ ያን ያህል ርዝመት ስለማይገኝ ቁራጮቹ በቀጭን የብራና ጠፍር እየተሰፉ ይቀጠላሉ። ልጆች የሚሞቱባት እናት ከሆነች የቅዱስ ሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ ይጻፍላታል፤ ዓይነ ጥላ ለያዘው ሌላ ጸሎት አለ። በጽሑፉ መሀል ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖችም ይሣላሉ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ክታቡ ይጠቀለልና በቆዳ ተሰፍቶ ባለቤቱ አንገት ላይ ይንጠለጠላል።

ሁሉም ክታብ ግን እንዲህ ተለክቶ አልተሠራም። የስሙ ቦታ ክፍት ተትቶ አስቀድሞ የተጻፈም ነበር፤ ገዢ ሲመጣ ስሙ ይሞላበታል። በአውሮፓ ሙዚየሞች ከሚገኙት የኢትዮጵያ ክታቦች መካከል የባለቤቱ ስም በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም፣ በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ የገባባቸው ጥቂት አይደሉም። ዝግጁውና በልክ የተሠራው ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች ነበሩ ማለት ነው፤ ደንበኛውም ልዩነቱን ያውቀዋል።

ደብተራው ደመወዝ የሚቆርጥለት ጌታ አልነበረውም። ቅስና ላይኖረው ይችላል፤ ማኅሌት ይቆማል፣ ተማሪ ያስተምራል፣ መድኃኒት ይቀምማል፣ ይጽፋል። ሥራ ባለበት አገር ይሄዳል፤ ስሙ ከእሱ ቀድሞ ከደረሰም እንጀራ አያጣም። ዛሬ ላፕቶፕ ታቅፎ በውጭ አገር ደንበኛ የሚተዳደረውን ወጣት ፍሪላንሰር ስንለው አዲስ ፍጡር ይመስለናል። በቃላትና በመስመር ሥራ፣ በቁርጥ ዋጋ፣ ለማይዘልቅ አሠሪ ማደር ግን በዚህ አገር ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠረ ኑሮ ነው። ከስምምነቱ በላይ መሥራትም እንዲሁ። የተለወጠ ነገር ካለ፣ ትርፉ ሥራ ከየትኛው ወገን ይጠበቃል የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ መጽሐፍ ጸሐፊውን የሚያህል ምስክር የለም። የብራና መጽሐፍ ከፍየል ቆዳ ይጀምራል። ቆዳው ለቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በጠፍር ተወጥሮ ሥጋው ይፋቃል፣ ጸጉሩ ይላጫል፣ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል። ሲደርቅ በልክ ይቆረጣል። ጸሐፊው ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋና ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም ያሰምራል፤ መስመሩ ብራናው ላይ ስርጉድ ብሎ ብቻ ይታያል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ካረረ እህልና ከቅጠል ተቀላቅሎ ወራት ከርሞ የሚደርስ ነው። ሁለት ቀንድ መሬት ላይ ይተከላል፤ በአንዱ ጥቁር፣ በሌላው ቀይ ቀለም አለ። ብዕሩ ከመቃ የተቀረጸ ነው። ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለም፤ ጸሐፊው ቁጭ ብሎ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። ወንጌልን የሚያህል ትልቅ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የሚታረዱት ፍየሎች በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው፤ መጽሐፍ ማስጻፍ የባለጸጋ፣ የመኳንንት ወይም የደብር ጉዳይ የሆነውም ስለዚህ ነው።

የስምምነቱ ፍሬ ነገር ጽሕፈቱ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ሲገለጥ ያልታዘዘው ብዙ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ ሐረግ ይጠመጠማል፤ እርስ በርሱ የሚተላለፍ፣ በቀይና በቢጫ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ የሚሞላ ጌጥ። የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም በቀይ ይጻፋል፤ ከእነሱ ጋር የአስጻፊው ስም በቀይ ሲመጣ ደግሞ ባለገንዘቡ ልቡ ይሞላል። በየምዕራፉ መጨረሻ ጸሎቱ ስሙን እየጠራ ይመለሳል። የባለጸጋ መጽሐፍ ከሆነ፣ በተለይ በጎንደር ዘመን፣ አስጻፊው ራሱ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ ይሣላል፤ የለበሰው ልብስ ጥለቱ ሳይቀር ይታያል። ሠዓሊውና ጸሐፊው አንዳንዴ አንድ ሰው ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሥዕሉ ለሌላ ባለሙያ ይተላለፋል።

የሚታየው ትርፍ ይህ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ደንበኛው ፈጽሞ የማያየው ነው። መኳንንቱ ሁሉ ግዕዝ የዘለቁ አልነበሩም፤ አንድ መስመር ቢዘለል የሚነቃ አስጻፊ በጣት የሚቆጠር ነበር። ያም ሆኖ በጥንቶቹ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተዘለለ ቃል በትንንሽ ፊደል ተጽፎ፣ የሚገባበትም ቦታ በምልክት ተጠቁሞ እናገኛለን። የተሳሳተው ፊደል በቢላ ተፍቆ በላዩ እንደገና ተጽፏል። ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ ሥራ በእንግሊዝኛ ጽፈው በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት ያገላበጠ ሰው፣ ይህ ሙያ ምን ያህል በጥንቃቄ ደንብ የታጠረ እንደነበር ይረዳል። እርማቱን የሚጠብቀው ከፋዩ አልነበረም፤ ነገ መጽሐፉን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያነበው ሌላው ሊቅ ነው። ጸሐፊ ጸሐፊን ያውቀዋልና።

ደንበኛውስ? እሱም ከዋጋው በላይ ያወጣ ነበር። ጸሐፊው ሥራው እስኪያልቅ ከአስጻፊው ቤት ቀለቡን ያገኛል፤ በብር፣ በአሞሌ፣ በእህል ወይም በከብት ከሚቆረጠው ሌላ ልብስ ይጨመርለታል። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው በግዕዝ አንዲት ልመና ያኖራል፤ የጻፈውን፣ ያስጻፈውን፣ የሚያነበውንና የሚሰማውን ሁሉ አምላክ በአንድነት እንዲምር። ከፋይና ተከፋይ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በእኩል ደረጃ ይቆማሉ። እዚህ ላይ ነገሩን ከልክ በላይ ቅዱስ ማድረግ አያስፈልግም፤ የከዳ አስጻፊም፣ የቸኮለ ጸሐፊም አልጠፋም። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ማስገባቱም የተለመደ ነበር። የጸሐፊውን የጥንቃቄ ሥራ ለማጥፋት አንድ ቢላ ብቻ ይበቃል።

ከዚያ ባሕር ማዶ የመጣ ደንበኛ ተጨመረ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ደርሶ መጻሕፍት ሰበሰበ፤ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ ከያዛቸው ውስጥ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩበት። አውሮፓ ሙሉውን ሄኖክ ካጣች ብዙ መቶ ዓመት ሆኗት ስለነበር የጎንደር ጸሐፊዎች ሥራ ለሊቃውንቷ ትልቅ ዜና ሆነ። ከብሩስ በኋላ ወንድማማቾቹ አንቷንና አርኖ ዳባዲ መጡ። አንቷን ዳባዲ ከ1838 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ድረስ በአገሪቱ ሲዘዋወር ሊገዛው ያልቻለውን እያስገለበጠ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አደራጀ። በ1859 ያሳተመው ዝርዝር 234 መጻሕፍት ይቆጥራል፤ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።

ብሩስም ዳባዲም ግን ከጸሐፊዎቻቸው ጋር አንድ አገር አየር የተነፈሱ ናቸው። ደንበኛው ወዲያ ማዶ፣ ሠራተኛው ወዲህ ማዶ ሆኖ ሥራ በደብዳቤ መመላለስ የጀመረበትን ታሪክ የሚፈልግ ከእነሱ አንድ መቶ ዓመት በላይ ወደኋላ መሄድ አለበት፤ ወደ ሮም።

አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ከኢየሱሳውያን ጋር በመወዳጀታቸው፣ አፄ ፋሲለደስ ካህናቱን ሲያባርሩ እሳቸውም አገር ለቀቁ። ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ባለው፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ በሚባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ተቀመጡ። በ1649 እ.ኤ.አ. አንድ የኤርፉርት ተወላጅ ወጣት ጀርመናዊ በራቸውን አንኳኳ። ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ ዕድሜው 25 ገደማ ነው። ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ ነው የተማረው፤ አንድም ተናጋሪ ሰምቶ አያውቅም። ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው ኢትዮጵያውያኑ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

ሳቁ ሲያበቃ ሥራው ተጀመረ። ሉዶልፍ ሮምን ከለቀቀ በኋላም አልተቋረጠም፤ ጥያቄው ከጀርመን በግዕዝ ተጽፎ ይሄዳል፣ መልሱ ከሮም በግዕዝ ይመለሳል። ይህ ቃል ምን ማለት ነው? ይህ ወንዝ ከየት ወዴት ይፈሳል? ንጉሡ ሲነግሥ ሥርዓቱ እንዴት ነው? አባ ጎርጎርዮስ ግዕዙን ብቻ አስረድተው ሊያበቁ ይችሉ ነበር፤ የተጠየቁት በአመዛኙ እሱን ነውና። እሳቸው ግን የአፍ መፍቻቸውን አማርኛም ጨመሩበት። በ1652 በጎታው መስፍን በኤርንስት ግብዣ እዚያ ድረስ ሄደው ያን በጋ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ከሉዶልፍ ጋር ከረሙ። መስፍኑ ስለ አገራቸው ይጠይቃል፤ ሉዶልፍ ይተረጉማል፤ በየመሀሉ መዝገበ ቃላቱ ፊደል በፊደል ይሞላል።

ከዚህ ድካም የወጣው ፍሬ ቀላል አይደለም። የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ታተሙ፤ የኢትዮጵያ ታሪኩ በ1681 ወጣ፤ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላት ተከተሉ። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት የሚባለው ትምህርት መሠረቱ በእነዚህ ላይ ነው። ሉዶልፍ ደግሞ የውለታ ሰው ነበር። መረጃውን ያገኘው ከማን እንደሆነ አልሸሸገም፤ በታሪክ መጽሐፉ ላይ በ1691 ባሳተመው ማብራሪያ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል በመዳብ አስቀርጾ አስገብቶታል። አባ ጎርጎርዮስ ግን አንዱንም አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእስክንድሩና ባሕር ዳርቻ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ከሩቅ ሆኖ የሠራ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ስሙም መልኩም በደንበኛው መጽሐፍ ውስጥ ታትሞ ሲቀር ይህ ምናልባት ዋነኛው ምሳሌ ነው።

ማተሚያ ቤት ሲመጣ የብራናው ሙያ ቀስ በቀስ ወደ ገዳማትና ወደ ጥቂት ደብሮች ተሸሸገ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ማንም የብራና ጸሐፊ የሚወዳደረው ማሽን አልነበረም። በሰው ስም መጻፍ ግን አልሞተም፤ ልብሱን ለውጦ ወደ ከተማ ገባ። ፖስታ ቤት ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር፤ ደብዳቤ የሚልክ ሁሉ ግን መጻፍ አይችልም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ የኢትዮጵያ ተገዢ ሁሉ አቤቱታውን በወጉ ለመንግሥት የማቅረብ መብት እንዳለው ደነገገ። ወጉን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ራፖር ጻፊ እንጀራውን ያገኘው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ራፖር ጻፊ የሚታወቀው በፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ በጃንጥላው ጥላ፣ በትንሽ ጠረጴዛው ነው። በኋላ የአማርኛ ታይፕ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ እሱ ተቀመጠ፤ በሁለት ወረቀት መሀል ካርቦን ይገባና ለባለጉዳዩ ቅጂ ይቀርለታል። የሚከፈለው በገጽ ነው። ሥራው ግን ገጽ መሙላት ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከገጠር የመጣች ባልቴት የመሬት ክርክሯን ከአያቷ ዘመን ጀምራ ስትተርክ ቁጭ ብሎ ይሰማል። «እናቴ፣ ቆይ፣ ቆይ፤ መጀመሪያ ማን ነው የነጠቀሽ?» ይላታል። በንዴት የወጣውን ስድብ ያወጣዋል፤ ዳኛ ፊት የማይባለውን በሚባለው ይተካዋል። ቴምብር የት እንደሚገዛ፣ ማመልከቻው ለየትኛው ችሎት እንደሚገባ፣ መዝገብ ቤቱ በየትኛው በር እንደሆነ ይነግራታል። ለዚህ የተለየ ዋጋ አይጠይቅም። ቡና ሰፍሮ ከሸጠ በኋላ እፍኝ መርቆ እንደሚሸኝ ነጋዴ፣ ምርቃቱ ነገ ጎረቤቷን ይዛ እንድትመጣ የሚያደርግ መሆኑን ያውቃል። ባልቴቷም ጉዳይዋ ከሰመረላት ባዶ እጇን አትመለስም፤ ቢያንስ መርቃው ትሄዳለች፤ አንዳንዷም እንቁላል በመሐረብ ቋጥራ ትመጣለች።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የደብዳቤ ደንበኞቹን ቀነሰበት። ማመልከቻ ግን ማንበብ መቻል ብቻ የሚፈታው ነገር አይደለም፤ ዛሬም ከብዙ መሥሪያ ቤት ደጅ ላፕቶፕና ማተሚያ ዘርግቶ የሚጠብቅ አለ።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ ገበያ። ደንበኛንና ፍሪላንሰርን የሚያገናኘው ኢላንስ በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሥራ ጀመረ። በ2003 የተመሠረተው ኦዴስክ የተወለደው ከሁለት ግሪካውያን ወዳጆች ችግር ነው፤ አንዱ ካሊፎርኒያ ሆኖ ግሪክ ያለውን ጓደኛውን ማሠራት ይፈልጋል፣ አለቆቹ ግን በዓይናቸው ያላዩትን ሠራተኛ ማመን አልቻሉም። የተገኘው መፍትሔ የሠራተኛውን ስክሪን በየሰዓቱ ስድስት ጊዜ ፎቶ የሚያነሳ ፕሮግራም ሆነ። አስጻፊው ጸሐፊውን እቤቱ አስቀምጦ ሲያበላው ያገኘውን መተማመን፣ ደንበኛው በፎቶ ገዛው። ሁለቱ ድርጅቶች በ2013 መጨረሻ ለመዋሐድ ተስማሙ፤ በ2015 ስማቸው አፕወርክ ሆነ። በ2010 ቴል አቪቭ የተነሣው ፋይቨር ደግሞ ሥራን ሁሉ በአምስት ዶላር አሰልፎ ገበያ አወጣ፤ ከአምስቱ አንዱ ዶላር የድርጅቱ ነበር።

እዚህ ገበያ ውስጥ ለአዲስ ገቢ ከስምምነት በላይ መሥራት ምርጫ አይደለም። ደንበኞች ከሥራ በኋላ የሚሰጡት ኮከብ የሌለው ሰው ሥራ አያገኝም፤ ሥራ ያላገኘ ኮከብ የለውም። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ዲዛይነር አንድ ሎጎ ተጠይቆ ሦስት ይልካል። ኒውዮርክ ከእሱ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደኋላ ስለምትቀር ሌሊቱን ነቅቶ መልስ ይሰጣል፤ ደንበኛው «ቀለሙን ትንሽ ብታደምቀው» ሲል አምስተኛ ጊዜ ይከፍተዋል። መብራት ሲጠፋ ዳታ የሞላ ስልክ ይዞ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ይፈልጋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ የመረከቢያ ቀን የደረሰበት ሠራተኛ ለደንበኛው «ይቅርታ፣ ዘገየሁ» የሚልበት መንገድ እንኳ አልነበረውም። ባሕር ማዶ ያለው ሰው የሚያየው ዝምታውን ብቻ ነው፤ ዝምታ ደግሞ በኮከብ ይመዘናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘቡን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፔይፓል ከኢትዮጵያ ሆኖ ክፍያ ለመቀበል ለዓመታት የማይሆን ነገር ሆኖ ቆይቷል። ብዙዎች አሜሪካ ወይም አውሮፓ ባለ ዘመድ ስም አስልከው፣ ዘመድ ደግሞ ሲመቸው በሰው እጅ ወይም በሐዋላ እንዲልክላቸው ያደርጋሉ። ጥያቄ የማያበዛ የአጎት ልጅ ከማንኛውም ባንክ ይሻላል ይባላል፤ ሁሉም ግን እንዲህ ያለ የአጎት ልጅ የለውም።

ልምድ ያካበቱት ታዲያ ለጀማሪው የሚሰጡት ምክር «ጨምር» የሚል አይደለም። «እርማቱን ገድብ» ይሉታል፤ ሁለት ጊዜ በነጻ፣ ከዚያ በክፍያ። ድረ ገጾቹም ራሳቸው ወደዚህ መጥተዋል። አፕወርክ ደንበኛ ነጻ ሥራ እንዳይጠይቅ በደንቡ ከልክሏል። ፋይቨር ደግሞ ትርፉን ሥራ በዝርዝር ዋጋ አውጥቶለታል፤ ፈጣን ርክክብ ይህን ያህል፣ ተጨማሪ እርማት ይህን ያህል፣ ዋናው ፋይል ይህን ያህል። ጸሐፊው በራስጌው ላይ በፈቃዱ የሚጠመጥማት ሐረግ ዛሬ ምልክት የሚደረግባት አንዲት ሳጥን ሆናለች ማለት ይቻላል። ይህን የሚያወግዙ አሉ፤ እኔ ግን በሌሊት ስድስተኛ እርማት ከሚከፍተው ልጅ ወገን ሆኜ ሳየው ክፉ አይመስለኝም።

የሚጎድለው በወዲያኛው በኩል ያለው ነው። ቀለብ፣ ልብስ፣ በጸሎት ውስጥ የሚጠራ ስም፣ በመዳብ የተቀረጸ ምስል፣ በመሐረብ የተቋጠረ እንቁላል፤ ደንበኛው ከዋጋው በላይ የሚጨምራቸው እነዚህ ሁሉ ወደ አንድ ቁልፍ ተጠቃለዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ደስ ያለው ደንበኛ ጉርሻ ለመስጠት የሚጫነው ቁልፍ አለ። ፋይቨር ላይ ከዚያም ጉርሻ ድርጅቱ ከመቶ ሃያውን ይወስዳል፤ ደንበኛው አምስት ዶላር ከጨመረ አዲስ አበባ ላለው ልጅ የሚጻፍለት አራት ነው።